ደውዬ ላሳፍርሽ ነው?

ሐሰተኛ ደረሰኝ ከሩቅ የምለይ ሰው ነኝ። ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ተማሪው አርባ ገጽ ያስገለብጥና "ልኬልሻለሁ" ብሎ ስልኩን ያሳየኛል። ስክሪንሾቱ ላይ ስሜ አለ፣ ብሩ አለ፣ አረንጓዴዋ ምልክትም አለች። እኔ ግን የእሱን ስልክ አላይም። የማየው የራሴን ነው። ብሩ እኔ ጋ ካልገባ ወረቀቱ ከጠረጴዛው አይነሳም። በአንድ ዓመት ሦስት ልጆች እንዲህ ይዣለሁ። አንደኛው የባለፈውን ሳምንት ደረሰኝ ቀኑን ቀይሮ፣ ሰዓቱን መቀየር ግን ረስቶ ነው የመጣው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ ከፍሎኛል ማለት ነው! ጎረቤት ያሉ ባለሱቆች ሳይቀሩ "እስቲ ይቺን እዪልኝ" እያሉ ያስመረምሩኛል።

ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። እንዲህ የምትመጻደቀው ሴት በኅዳር 2017 አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በገዛ ጣቷ፣ የሰው ሠላሳ አራት ሺህ ብር እንዴት እንዳስበላች እንድታዩት ነው።

የእኔ ሥራ ያለ ቴሌግራም አይሄድም። ድሮ ተማሪው ፍላሽ ይዞ ይመጣ ነበር፣ ከፍላሹ ጋር ቫይረሱንም። አሁን ፋይሉን በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እኔም ከሱቁ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አትምለታለሁ። ቁጥሬ በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በቀን ከማላውቃቸው ሠላሳ አርባ ሰዎች መልእክት ይደርሰኛል። "ከማያውቁት ሰው የመጣ ነገር አይክፈቱ" የሚለው ምክር ለእኔ ሱቅሽን ዝጊ እንደማለት ነው።

ያን ዕለት የመጣው መልእክት ግን ከማላውቀው ሰው አልነበረም። ኮሌጅ አብራኝ ከተማረች ልጅ ነው። "ሰላም የኔ ቆንጆ፣ ጠፋሽ እኮ! ልጄ የሕፃናት የፎቶ ውድድር ላይ ገብታ ነበር። አንድ ድምፅ ብቻ ብትሰጪን? ዛሬ ማታ ይዘጋል።" ከሥሩ ሊንክ አለ። የልጅቷ ፎቶም አለ፣ ጥርሷን የነቀለችበት። የእውነት ፎቶዋ ነው። የእናቷ ፕሮፋይል ላይ አይቼዋለሁ።

በሰዓቱ ሰባት ሰው ተሰልፏል። ቶነሩ አልቆ ገጹ መሐል ለመሐል ነጭ መስመር እያወጣ ነው። አንዷ ተማሪ ከአንድ ሰዓት በኋላ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ ነው፣ ልታለቅስ ደርሳለች። እንዲህ ባለው ሰዓት ሰው ሊንክ አይመረምርም። እውነቱን ልንገራችሁ ካልኩ ግን የጣለኝ ግርግሩ ብቻ አይደለም። የዚያች ልጅ ክርስትና ላይ ተጠርቼ አልሄድኩም ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲከነክነኝ ኖሯል። አንድ ድምፅ እንኳ ብነፍጋት ምን ትለኛለች?

ነካሁት። ገጹ ስልክ ቁጥር ጠየቀ፣ ሰጠሁት። "ኮድ ልከንልዎታል፣ ያስገቡ" አለ። ኮዱ መጣ፣ ከራሱ ከቴሌግራም፣ አምስት አኃዝ። ከሥሩ ይህን ኮድ ለማንም አትስጡ የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ስንት ጊዜ ያየሁት ጽሑፍ ነው። ዓይኔ ቁጥሯን ለቅሞ ሌላውን ዘለለው። "ድምፅዎ ተመዝግቧል፣ እናመሰግናለን" አለኝ። እኔም ቶነሩን አውጥቼ መወዝወዝ ቀጠልኩ።

ኋላ እንደገባኝ መልእክቱን የላከችው እሷ አልነበረችም፣ የእሷም አካውንት ተሰርቆ ኖሯል። ያ ገጽም ምንም ድምፅ አይቆጥርም። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው የእኔን ቁጥር የራሱ ስልክ ላይ እያስገባ ነበር። ቴሌግራም ባለቤቷ መሆኗን ላረጋግጥ ብሎ ኮዱን ለእኔ ላከ። እኔ ደግሞ ተቀብዬ ለሌባው አቀበልኩት። ወዲያው "በአዲስ ስልክ ገብተዋል" የሚል ማሳወቂያም ደርሶኛል። የሱቁ ኮምፒውተር መስሎኝ በአውራ ጣቴ ገፋሁት።

የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ተኩል ሌባው ምንም አልሰረቀም። ኋላ የመልእክቶቹን ሰዓት ሳስተያይ ነው ያወቅኩት። ቁጭ ብሎ አነበበኝ። ማንን ምን ብዬ እንደምጠራ፣ ከማን ጋር ስለ ብር እንደማወራ፣ ማን ቶሎ እንደሚመልስልኝ። ደሴ ያለችው አክስቴን "እቴቴ" ነው የምላት፤ ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠራትም። እሱ ግን "እቴቴ እንደምን ዋልሽ፣ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነበር፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ" ብሎ ጀመረ። እኔ ስለ ብር ስጽፍ ልክ እንዲህ ነው የምንተፋተፈው። አሥራ አምስት ሺህ ጠየቃት። የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛዬን ደግሞ አምስት ሺህ፣ "እስከ ሰኞ"።

እንዴት አላየሽም ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ሰው ራሱ የላከው መልእክት ስልኩን አያስጮኸውም። ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ላይ መልእክትን ከራስ በኩል ብቻ ማጥፋት ይቻላል፤ ተቀባዩ ጋ እንዳለ ይቀራል። እሱም መልሱን እያየ ከእኔ በኩል ያጠፋ ነበር። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ስለማላውቀው ችግሬ ደሴ ድረስ ይለመንልኝ ነበር።

የእቁቡ ደግሞ ይባስ። ሃያ ስድስት ሰው ነን፣ በሳምንት ሁለት ሁለት ሺህ፣ በየሐሙሱ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ብሩ በባንክ ይገባል፣ ደረሰኙ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ሐሙስ ሐሙስ ደረሰኝ እንደ ዝናብ ስለሚወርድ የግሩፑን ድምፅ አጥፍቼዋለሁ። ሌባው ይህን ሁሉ አንብቦ ሰባት ሰዓት ላይ እንዲህ ጻፈ፦ "ውድ የእቁባችን ቤተሰቦች፣ የተለመደው አካውንት ሲስተም ስላስቸገረ ለዛሬ ብቻ በሚከተለው አስገቡ። ደረሰኝ መላክ እንዳትረሱ።" መጨረሻ ላይ ሁለት የተጣመሩ እጆች። "ደረሰኝ መላክ እንዳትረሱ" የምትለዋ የእኔ ናት። በየሐሙሱ የምጽፋት፣ ከነእጆቿ።

አንዲት አባል "አካውንቱ የማን ስም ነው?" ብላ ጠየቀች። "የወንድሜ" አላት። እኔ ወንድም የለኝም። ከሃያ ስድስቱ ውስጥ ቢያንስ አሥሩ ይህን ያውቃሉ፤ እናቴ ስትሞት ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። አንድም ሰው "አንቺ ወንድም የለሽም እኮ" ብሎ አልጻፈም። ሰባቱ ላኩ፣ የቀሩት ማታ እንልካለን ብለው ተዉት።

ያዳነኝ ስማርት ስልክ የሌላቸው ሰው ናቸው። የእቁባችን ዳኛ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ብራቸውን ሁልጊዜ ቆጥረው በእጄ ነው የሚሰጡኝ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ብሩን ከጃኬታቸው የውስጥ ኪስ እያወጡ፣ ፈገግ ብለው "ምነው ልጄ፣ ወንድም መጣልሽ አሉ?" አሉኝ። ልጃቸው ግሩፑ ላይ አይታ ነግራቸዋለች።

ሳቅኩኝ መጀመሪያ። ከዚያ ግሩፑን ከፈትኩ። እኔ ያልጻፍኩትን የራሴን ጽሑፍ ሳነብ የተሰማኝን ነገር በምን ቃል ልንገራችሁ። ሰው ቤቱ ገብቶ የራሱን ልብስ የለበሰ ሌላ ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቢያገኘው እንደዚያ ነው።

ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ፊቴን አይቶ "ቆይ ማዘር፣ ምንም እንዳይነኩ" አለኝ። (ማዘር ይሉኛል፤ ገና አርባ አልሞላኝም።) ስልኬን ተቀብሎ ሴቲንግ ገባ፣ ዲቫይስ የሚለውን ከፈተ። ሦስት ነገር ተደርድሯል፦ የእኔ ስልክ፣ የሱቁ ኮምፒውተር፣ እና አንድ የማላውቀው ስልክ። ላስወጣው ብዬ እጄን ስዘረጋ "መጀመሪያ ስክሪንሾት" አለ። የስልኩን ዓይነትና የገባበትን ሰዓት ካነሣ በኋላ ነው "ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ" (ሌላውን ሁሉ አስወጣ) የሚለውን የነካው። ያ ስክሪንሾት ኋላ ፖሊስ ጋ ጠቀመኝ።

አንድ የነገረኝን ነገር ለእናንተም ላስተላልፍ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ ቀድሞ የነበረውን ወዲያው ማባረር አይችልም፤ ሃያ አራት ሰዓት መጠበቅ አለበት። በዚያች አንድ ቀን ውስጥ ባለቤቱ ከነቃ ሌባውን በአንድ ንክኪ ያስወጣዋል። ካልነቃ በማግስቱ የሚባረረው ባለቤቱ ነው። እኔ ጋሼ ባይመጡ ኖሮ እስከ ማታ አላይም ነበር፤ ማታ ደግሞ ደክሞኝ እተኛለሁ። ስለዚህ እንዲህ ከደረሰባችሁ አካውንቴን ላጥፋው፣ አፑን አጥፍቼ እንደገና ልጫነው እያላችሁ አትደናበሩ። አፑን ከስልካችሁ ካጠፋችሁ ያቺን የቀድሞ ገቢነታችሁን በገዛ እጃችሁ ልትጥሏት ትችላላችሁ።

ከዚያ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" ውስጥ ገብቶ "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" የሚለውን አስከፈተኝ። ከኮዱ ሌላ ራስህ የምታወጣው የይለፍ ቃል ማለት ነው። ያ ቢኖር ኮዱን ብሰጠውም ሌባው በር ላይ ይቀር ነበር። አንዳንዱ የሌባ ገጽ እሱንም ይጠይቃል አሉ። ግን ያኔ ቢያንስ ሰው ቆም ይላል፤ የሕፃን ፎቶ ውድድር የእኔ የይለፍ ቃል ምን ያደርግለታል? ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ልጁን የፎቶ ኮፒውን ሒሳብ ተወው አልኩት። ሠላሳ ሁለት ብር ነበር።

ቀጥሎ ግሩፑ ላይ "አካውንቴ ተሰርቆ ነው፣ ምንም እንዳትልኩ" ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? "አንተ ሌባ፣ ደግሞ ምን ልትል ነው?" የእውነቷ እኔ ስመጣ ሌባ ሆንኩ። ጋሼ ያቺን ቁልፍ ያላትን ስልካቸውንና የእቁቡን ደብተር አወጡ። ሱቄ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው በየተራ ደወሉ፣ ለሃያ አራት ሰው። የእሳቸውን ሳል የማያውቅ የለም።

እኔ ለአክስቴ ደወልኩ።

"እቴቴ፣ ዛሬ ብር ጠይቄሽ ነበር?"

"ደረሰሽ? የጎረቤት ልጅ ነው የላከልኝ። አሥሩ ከእኔ ነው፣ አምስቱን ከጎረቤት ሞልቼ ነው።"

"እኔ አይደለሁም እኮ የጠየቅኩሽ። ለምን አልደወልሽልኝም?"

ዝም አለች። ከበስተጀርባ የቡና ሙቀጫ ይሰማኛል። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ "ሰው ቸግሮት በጽሑፍ ከጠየቀ፣ በአፉ መናገር አፍሮ ነው። ደውዬ ላሳፍርሽ ነው?"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ያሰብኩት ስለዚህች ቃል ነው። ብሩ የወጣው ከስልክ ውስጥ አይደለም። የወጣው ከይሉኝታችን ነው። እኔ ሊንኩን የነካሁት ባልሄድኩበት ክርስትና አፍሬ ነው። የእቁቡ ሰዎች ወንድም የለሽም ያላሉት በሰው ፊት ላለማሳፈር ነው። አክስቴ ያልደወለችው እንዳላፍር ነው። ሌባው አንድም የረቀቀ ነገር አልሠራም። ጨዋነታችንን እንደ ደረጃ እየረገጠ ወጣ። ሞኞች ብንሆን ኖሮ ያንን ማረም ይቀል ነበር። የተበላነው በደግነታችን በኩል ነው፣ እሱን ደግሞ ጣሉት አይባልም።

ያ ተማሪ ኋላ ሲመጣ ስለ ኬቪን ሚትኒክ አጫወተኝ። አሜሪካዊ ሀከር (የሰው ኮምፒውተር ሰብሮ የሚገባ) ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ተይዞ አምስት ዓመት ገደማ ታስሯል። ከእስር በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ በ2000 የአሜሪካ ሴኔት ጠርቶት ሲመሰክር፣ ሰዎችን በስልክ እየጠየቁ ምስጢር ማውጣት በጣም ስለሚሳካለት በቴክኒክ ሰብሮ መግባት እምብዛም አያስፈልገውም እንደነበር ተናግሯል። ጠየቀ፣ ሰጡት። ያ ሁሉ ዝነኛ ሀከር ሥራው ከእኔው ሌባ ጋር አንድ ነው።

ባንክ ሄድኩ። የትኛው ባንክ እንደሆነ አልናገርም፤ ሁሉም ጋ ነገሩ ተመሳሳይ ነው ብለውኛል። የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፦ ሰዓት። ብሩ እንደገባ በአርባ ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው ወጥቷል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች የላኩት አራት ሺህ ብር ብቻ ሒሳቡ ላይ ቀርቶ ታገደ፣ ከሦስት ወር በኋላም ተመለሰ። ሰባቱም ከማለቃቀሳቸው በፊት ባንካቸው ደውለው ቢሆን ኖሮ ከዚያ በላይ ይተርፍ ነበር። ያለቀሱት ግን እኔን አይተው ነው፣ እኔ ነኝ የጀመርኩት።

ፖሊስ ጣቢያ መርማሪው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል እንደሚቀጣ ነገረኝ። ከዚያ "ምን ይዘሻል?" አለኝ። ታሪኬን መተረክ ስጀምር በእጁ አስቆመኝ። የሚፈልገው የዝውውር ቁጥር፣ ሰዓት፣ የተቀባዩ የሒሳብ ቁጥር፣ የመልእክቶቹ ስክሪንሾት ነው። ስለዚህ የላኩልኝን ሰዎች መልእክቱን እንዳያጠፉ ለመንኳቸው። ሁለቱ በንዴት አጥፍተውት ነበር። የሒሳቡ ባለቤት ተገኘ፤ የቀን ሠራተኛ ወጣት ነው፣ የባንክ ደብተሩንና ሲም ካርዱን ለአንድ "ጓደኛ" በሁለት ሺህ ብር አከራይቷል። ጓደኛው የለም። ልጁ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሳየው ልጮህበት ነበር የተዘጋጀሁት። ጫማው በገመድ ነው የታሰረው። አልጮህኩም።

እሑድ እቁቡ ተሰበሰበ። ያቺን እሑድ መቼም አልረሳትም። ቡናው ተፈላ፣ ማንም ቶሎ አላነሣውም። እኔ ሁሉንም እከፍላለሁ አልኩ። አንዷ "ትክፈል እንጂ! እኔ ለእሷ ነው የላክሁት" አለች፣ እውነቷን ነው። ሌላው "ወንድም እንደሌላት እያወቅኩ ነው የላክሁት፣ ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው" አለ። ጋሼ ሁሉን ሰምተው ፈረዱ፦ ባንክ ካስቀረው ውጭ ያለውን አሥር ሺህ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን ላኪዎቹ ይቻሉት። ከዚያ ደብተሩን ገልጠው የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእቁቡን አካውንት በቀይ እስክርቢቶ ጻፉ። "ይህ ቁጥር የሚቀየረው እዚህ ቡና ላይ፣ ሁላችን በተገኘንበት ነው። በስልክ ተቀየረ ያለ ሁሉ፣ እኔም ብሆን፣ ሌባ ነው" አሉ። "እኔም ብሆን" ያሏት ናት ነገሩን ያበረደችው። ከእንግዲህ መጠርጠር ስድብ መሆኑ ቀረ፣ የእቁቡ ደንብ ሆነ። እናንተም እቁብ ወይም እድር ካላችሁ ይህቺን አንድ መስመር ደብተራችሁ ላይ አጽፉ።

ጓደኛዬ አምስት ሺውን "በቁምነገር ስትጠይቂኝ የመጀመሪያሽ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር" ብሎ ሳቀና ተወልኝ። አክስቴ አልቀበልም አለች። ለጎረቤቷ አምስቱን ቀጥታ ላክሁ፣ የእሷን ቀስ በቀስ በበዓል ስም እየመለስኩ ነው።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳፍራል። የደረሰብኝን አንድ ትልቅ ግሩፕ ላይ ጻፍኩት፣ ሰው ይማርበት ብዬ። በማግስቱ አንድ ሰው በውስጥ መስመር መጣ። በጣም ጨዋ ነው። የሳይበር ባለሙያ ነኝ አለ፣ የተወሰደብሽን ብር ዱካውን ተከትዬ አስመልሳለሁ፣ ለእናቴ ልጅ እንደማደርገው አደርግልሻለሁ አለ። ለሲስተም መክፈቻ ሦስት ሺህ ብር ብቻ። የመታወቂያውን ፎቶ ሳይቀር ላከልኝ። ሦስት ሺውን ልልክ ቁጥሩን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ገና ሳምንት አልሞላኝም እኮ! የተቃጠለ ሰው ግን ውሃ ያለ ሲመስለው ዘሎ ነው የሚገባው። ያቆመኝ ብልሃት አይደለም፤ ሒሳቤ ላይ የነበረው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብቻ ነበር። "ሁለት መቶ ጎደለኝ" ብዬ ስጽፍለት "ችግር የለም፣ ያለሽን ላኪ" አለኝ። በዚህች ቃል ነው የነቃሁት። የጠፋ ብር አስመልሳለሁ ብሎ አስቀድሞ ክፈሉ የሚል ሰው እንደዚሁ የተበላ ሰው እየፈለገ የሚበላ ነው። መጀመሪያ ያቆሰላችሁ ራሱ ሰውዬው ሊሆንም ይችላል።

ሱቄ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ጆሮዬ ቆመ። በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ የሚል አጭር መልእክት ከተራ የ09 ቁጥር ደርሷት ልትመልስ የነበረች እናት አይቻለሁ፤ ሒሳቧን ስናይ የገባ ነገር የለም። ከባንክ ነው የምደውለው ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅማ ዕለት ዕለት ነው። እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ አልደጋግምም።

አንዱን ግን ልንገራችሁ። በየካቲት 2017 ዜናውን ሰምታችኋል፦ ማይናማር ውስጥ ማያዋዲ አካባቢ ካሉ የማጭበርበሪያ ግቢዎች 260 ሰዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ሲሻገሩ ከግማሽ በላይ፣ 138ቱ፣ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የኮምፒውተር ሥራ አለ ተብለው ሄደው፣ ድንበር አሻግረው ዘግተውባቸው፣ የማያውቁትን የውጭ ሰው በፍቅርና በትርፍ ስም እንዲያጭበረብሩ ሲገደዱና ሲደበደቡ የኖሩ ልጆች ናቸው። የእኔው ሌባ አማርኛው እንደ ውሃ የሚፈስ ነው፣ እዚሁ ነው ያለው። ግን ዜናውን ካየሁ በኋላ በመልእክት ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው እንደ ቀድሞው መራገም አቃተኝ።

በመጋቢት አንድ ምሩቅ ፓስፖርቱን ሊያስገለብጥ መጣ። ሲቪውንም አተምኩለት። የት ነው አልኩት። "ባንኮክ። ከስተመር ሰርቪስ ነው፣ እንግሊዝኛ መጻፍ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ትኬቱን እነሱ ናቸው የሚችሉት።" ስልኬን አውጥቼ ዜናውን አሳየሁት። በትዕግሥት አነበበው። "የእኔ ኤጀንት የታወቀ ነው" አለኝ። ኤጀንቱን አግኝተኸዋል ወይ አልኩት። በቴሌግራም ነው የሚያወሩት። የአክስቱ ልጅ ጓደኛ ነው ያገናኘው፣ አሁን እምቢ ቢል ምን ይለዋል? ይቺን ስሰማ ሆዴ ባባ። ገንዘብ አልተቀበልኩትም። ቅጂዎቹን በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት፣ ፖስታው ላይ ቁጥሬን ጻፍኩለት። እስካሁን አልደወለም።

እኔና እቴቴ አሁን ደንብ አለን። ስለ ብር የሚወራ ነገር ከመጣ ትደውላለች። ድምፅም ይመሰላል እየተባለ ስለሆነ ድምፅ ብቻ አይበቃትም፣ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች። የፋሲካ ዋዜማ "ትንሽ የበዓል ብር ልልክልሽ ነው" ብዬ ጻፍኩላት። ሰጪዋ እኔ ነኝ እኮ! ሁለት ደቂቃ አልቆየም፣ ስልኩ ጮኸ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ንገሪኝ" አለች፣ ሰላምታም የለ። "የአያትሽን ጀበና ማን ነው የሰበረው?"

ቤተሰቡ ሁሉ ድመቷ ነች ብሎ ያምናል። እውነቱን የምናውቀው እኔና እሷ ነን። መለስኩላት።

"እሺ፣ አንቺው ነሽ" አለች። "አሁን ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው ይሰማል።"